የሻረግና የዋሻው ብልቃጥ

የሻረግ የወለደቻቸው ሁለቱ ልጆች አላለቀሱም። ይኼን ሠፈሩ በሙሉ ያውቃል። ምጥ ቤት ያልነበረውም ያውቃል፤ እንዲያውም ከነበሩት ይልቅ ያልነበሩት ናቸው አጥርተው የሚያወሩት። ሁለቱም ወንዶች፣ ሁለቱም ገና ሲወለዱ የሦስት ወር ልጅ የሚያህሉ፣ ጉንጫቸው የሞላ፣ ክንዳቸው እጥፍጥፍ ያለ። አዋላጇ የመጀመሪያውን ስትቀበል «እሰይ! ይኼስ አድጎ ነው የመጣው» ብላ ነበር። ልጁ ግን ዝም። ዐይኑን ገልጦ ጣሪያውን ማየት ብቻ። ከዚያ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ገላው ላብ አወጣ፣ ቀዘቀዘ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ማንንም ሳያስቸግር ሄደ። ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው ወንድሙም ያንኑ ጣሪያ፣ ያንኑ ቦታ እያየ፣ በዚያው ሰዓት ሄደ።

«ሾተላይ» አለ ሠፈሩ። የተወለደን ልጅ አድብቶ የሚቀማ መንፈስ ማለት ነው። ደርግ ባላባቱን ሽሯል፣ መሬቱን አከፋፍሏል፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር በየሳምንቱ ሰው እየሰበሰበ «አሮጌው ሥርዓት ተገርስሷል» ይላል፤ ሾተላይን ግን የሻረው የለም። ከላሊበላ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው ዳገት ሥር ካሉት ጎጆዎች መካከል የየሻረግ ጎጆ የሱ ርስት ሆኖ ቀረ።

ሌላም ነገር ነበረ። የሻረግ ጠዋት ለሽንት ወጥታ የተመለሰችበት ቦታ ረፋድ ላይ ጥቁር ሆኖ ይገኛል፤ ሲጠጉት ጥቁረቱ ይንቀሳቀሳል። ቁጫጭ ነው። አማቷ እማማ ወለተ ሐና ይኼን ያዩ ዕለት አማትበው ዝም አሉ። ዝም ማለታቸው ነው ያስፈራው፤ እሳቸው ስለ ዝናብም ስለ ዶሮም የሚሉት የማያጡ ሴት ነበሩና።

የሻረግ ግን የቁጫጩን ነገር ታውቀዋለች። ልጃገረድ ሳለች ቆላ፣ አክስቷ ዘንድ፣ ውሃ ጠጥታ የማትረካ፣ በልታ የማትወፍር ሆና ስትታመም አንድ ሐኪም «ስኳር በሽታ ነው» ብሎ ነጫጭ ክኒን ሰጥቷት ነበር። «በየቀኑ አንዲት፣ እንዳታቋርጪ» አላት። ያኔ ባል የላትም፤ ስለ እርግዝና ጠያቂም ነጋሪም አልነበረም። አግብታ ዳገቱን ከወጣች በኋላ ክኒኑን የጎረቤቷ የረሒማ ባል፣ ነጋዴው አባስ፣ በበቅሎ ወልድያ ሲመላለስ ያመጣላታል። እሷም የሐኪሙን ቃል ጠብቃ ሁለቱንም ልጆች ስታረግዝ አንድ ቀን አላጓደለችም።

ሦስተኛው በሆዷ መሆኑን ያወቀችው በ1974 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። ለማንም ሳትናገር ከተማ ወርዳ ጤና ጣቢያ ገባች።

እዚያ ቁስል የሚያጥበውን፣ መርፌ የሚወጋውን ድሬሰር፣ ሀብተ ሥላሴን፣ ሠፈሩ «ጓድ ዶክተር» ይለዋል። ዶክተር አይደለም፣ ጓድ መባልም ያሳፍረዋል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ሲሰማ ግን ዝም ይላል። ሽንቷን ተቀብሎ ሰማያዊ ውሃ ላይ አንጠባጠበና በላምባ ምድጃ አፈላው። ሰማያዊው አረንጓዴ ሆነ፤ አረንጓዴው ቢጫ ሆነ፤ ቢጫው እንደ ሸክላ ቀይ ሆኖ ረጋ። የሻረግ ወደ ኋላ ሸሸች።

«ከኔ ነው ይኼ የወጣው?»

«ከስኳሩ ነው።»

«አስማት ነው እንጂ!»

«አስማት ባውቅማ እዚህ ዳገት ላይ አይመድቡኝም ነበር።»

ክኒኑን ከመቀነቷ ፈትታ ስታሳየው ግን ቀልዱ ቆመ።

«ያለፉትን ልጆች ስታረግዢ ይኼን ትውጪ ነበር?»

«አንድ ቀን አላቋረጥኩም። በማርያም!»

ድሬሰሩ ክኒኑን መዳፉ ላይ አድርጎ ብዙ አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳት። ይኼን ክኒን እናት ስትውጠው በእትብቱ ተሻግሮ ልጁ ዘንድ ይደርሳል። የእሱንም ስኳር ያወርዳል። ልጁ ሲወለድ ከእናቱ ይመጣ የነበረው ስኳር ይቋረጥበታል፤ ክኒኑ ግን ደሙ ውስጥ ይቆያል። ያን ጊዜ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ይቀዘቅዛል፤ ለማልቀስ እንኳ አቅም ያጣል።

የሻረግ ክኒኑን ከመዳፉ አንስታ መቀነቷ ውስጥ መልሳ ቋጠረች። «እንግዲያ ሾተላዩ እኔ ነኛ» አለች።

«አይደለሽም። የነገረሽ አልነበረም። ደግሞ ክኒኑ ብቻውን ነው ብዬ አልምልም፤ ስኳሩ ራሱ ሲበዛ ልጁን ከልክ በላይ ያወፍረዋል፣ ይጎዳዋል። አሁን የሚያዋጣን መርፌ ነው። የመርፌው መድኃኒት ወደ ልጁ አያልፍም፣ በወተትሽም አይጎዳውም። ክኒኑን ግን ከዛሬ ጀምሮ ጡት እስክታስጥዪ እንዳትነኪ። ገባሽ?»

«ገባኝ፣ ጓድ ዶክተር።»

«አንድ ሌላ ነገር። ተወግቶ አለመብላት የለም። ድንገት ካላበሽና ከተንቀጠቀጥሽ ስኳር ወይ ማር፣ ቶሎ!»

ችግሩ የመርፌውን መድኃኒት የያዘው ብልቃጥ ነበር። ሙቀት ካገኘው ይበላሻል፤ ጎጆዋ ውስጥ ደግሞ ከምድጃውና ከከብቱ ትንፋሽ የሚያመልጥ ጥግ የለም። መላውን ያመጡት የንስሐ አባቷ አባ ገብረመስቀል ናቸው። ከሠፈሩ በላይ ገደሉ ላይ ሰው አጎንብሶ የሚገባበት የተፈለፈለ ዋሻ አለ፤ በግንቦት እንኳ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ውስጡ ከሞቱ ዘመን የሆናቸው፣ ስማቸው የተረሳ መናኝ በበሬ ቆዳ ተጠቅልለው ተጋድመዋል። ቆዳው አርጅቶ አጥሮባቸው አንድ እግራቸው ውጭ ቀርቷል።

«እዚያ አስቀምጪው» አሏት አባ። «መናኙ አይሰርቁሽም፣ ሌባውም እሳቸውን ይፈራል።»

ከዚያ ወዲያ የሻረግ በየጠዋቱ መርፌዋን ቀቅላ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ ትወጣለች። ዝም ብሎ መግባት ስለሚያሳፍራት «እንደምን አደሩ፣ አባቴ» ትላለች። ከእግራቸው ሥር ብልቃጡን አንስታ የረጋው ነጭ መድኃኒት እንዲደባለቅ በመዳፏ ታንከባልለዋለች፤ ቀድታ ጭኗን ትወጋለች፤ ትወርዳለች። መቼም መልስ አግኝታ አታውቅም። ግን አንዳንድ ቀን ብልቃጡ ከተወችበት ስንዝር ያህል ወደ በሩ ቀርቦ፣ ቆሞ ይጠብቃታል። አይጥ ነው ትላለች። መንገዱ አጋማሽ ላይ ስትደርስ አይጥ ብልቃጥ እንደማያቆም ትዝ ይላታል፤ ያኔ እርምጃዋን ታፈጥናለች።

ከታች ያለ ሰው ደግሞ ምን ያያል? በጠዋት ጉም ውስጥ አንዲት ነፍሰ ጡር በዋሻው አፍ፣ ሙት አጠገብ ቁጢጥ ብላ ቀሚሷን ስትገልጥ ያያል። ሠፈሩ ያን በጋ ሌላ ወሬ አላስፈለገውም።

«አግብታቸዋለች አሉ።»

«ኧረ ባክሽ! ባሏ ምስጋኑስ?»

«ምስጋኑማ በጋራ ነው። ዘንድሮ ሁሉ ነገር በጋራ አይደል?»

የስቅለት ዕለት ሳቁ ቆመ። የሻረግ ጠዋት ተወጋች። አባ ገብረመስቀል «ነፍሰ ጡር ነሽ፣ መድኃኒት ላይ ነሽ፣ ብዪ» ብለው ፈቅደውላታል፤ ሰው ሁሉ አፉን ባሰረበት ቀን ግን እሷ ብቻ እንጀራ መቁረሱ ቀፈፋት። ሁለት ልጅ የቀበረች ሴት ከእግዜር ጋር መጣላት አትፈልግም። ሳትበላ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ከሴቶቹ ጋር ትሰግድ ጀመር። ስድስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ መጨለሟ ሲነበብ፣ እውነትም ጉም ወርዶ ግቢው ደበዘዘ። የሻረግ ጎንበስ እንዳለች ቀረች። ላብ ከአገጯ ይንጠባጠባል። ደግፈው ሲያነሷት ዐይኗ ማንንም አያይም። ከአፏ የወጣው ድምፅ ወፍራም፣ የተጎተተ፣ የእሷ ያልሆነ ነበር።

«ልቀቅ!» አለች አንዷ። «ማን ነህ? ከየት ነህ?»

«ዋሻ...» አለ ድምፁ።

ሴቶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሦስት እርምጃ ሸሹ።

«አበስኩ ገበርኩ! መናኙ ናቸው!»

«መናኝ ደግሞ ሰው ይይዛል እንዴ? ዋሻው ውስጥ ያለው ጋኔን ነው እንጂ።»

«ምን ትወዳለህ? ተናገር፣ ምን እናምጣልህ?»

 ድምፁ ከጉድጓድ እንደሚመጣ ሁሉ «ማር» አለ።

በስቅለት ቀን ማር! ሁሉም ወደ አባ ገብረመስቀል ዞሩ። አባ ላቧን አዩ፣ የሚንቀጠቀጥ እጇን አዩ።

«የሚበላው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ጋኔኑ ነዋ፣ አባ!»

«ጋኔን ጾም አለበት?»

«ኧረ የለበትም!»

«እንግዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? ሮጣችሁ አምጡለት!»

ማር በዚያ አገር ሩቅ አይደለም። ቅል ሙሉ መጣ። በጣት እያደረጉ ከከንፈሯ ውስጥ ቀቧት። ጋኔኑ ላሰ፣ ዋጠ፣ ደገመ። ጥቂት ቆይቶ የሻረግ በራሷ ድምፅ «ማን ነው እንዲህ ያጣበቀኝ?» አለች። ሴቶቹ እልል ሊሉ ከጅለው ዕለቱ ስቅለት መሆኑ ትዝ ሲላቸው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ከዚያ ቀን ወዲያ የሻረግ ተወግታ ሳትበላ ውላ አታውቅም። ሠፈሩ ግን የራሱን ያዘ፤ ዋሻው ውስጥ ያለው ነገር ወርዶ እሷ ላይ አድሯል፣ ጣፋጭ ይወዳል፣ ጣፋጭ የሚወድ ደግሞ ሕፃን ይወዳል። የመጨረሻዋን የጨመሩት እማማ ወለተ ሐና ናቸው። ሲሉትም አልሳቁም።

ሐምሌ ላይ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና ከቆመ በኋላ፣ የሻረግ ወለደች። ወንድ። ትንሽ፣ ቀጭን፣ የተጨማደደ፣ መልከ ጥፉ፤ ወጥቶ ሳያልቅ ጮኸ። አዋላጇ ደንግጣ ልትጥለው ነበር። ጓድ ዶክተር ጃንጥላ ይዞ ደጅ ቆሟል። እማማ ወለተ ሐና ሕፃኑን ሊያልሱት ለጋ ቅቤ በጣታቸው ይዘው ሲጠጉ ድሬሰሩ በበሩ በኩል ጮኸ።

«ቅቤው ይቆይ፣ እማማ! ጡት! አሁኑኑ ጡት!»

«ወንድ ልጅ ምጥ ቤት ምን አገባህ?»

«እኔ ወንድ አይደለሁም እማማ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ!»

ልጁ ጠባ። ማግስቱ መጣ፣ ያ ረፋድ ደረሰ።  ረፋዱ ወደ ቀትር ዞረ፣ ልጁ ጡት ላይ ነበር። እማማ ወለተ ሐና ሾተላይ እንዳይጎመጀው ብለው «ኩበት» የሚል ስም አወጡለት። ጓድ ዶክተር መጥቶ የመርፌውን መጠን ቀነሰላትና «ከማጥባትሽ በፊት ጉርሻም ብትሆን ቅመሺ» ብሏት ሄደ።

አራስ ከቤት አትወጣምና ብልቃጡን በየጠዋቱ ከዋሻው የሚያመጣው፣ የሚመልሰውም ምስጋኑ ሆነ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ምስጋኑን በማለዳ ለስብሰባ ጠሩት፤ ከስብሰባ መቅረት በዚያ ዘመን ከቅዳሴ ከመቅረት የባሰ ነበር። ቀትር ሆነ፣ አልተመለሰም። የሻረግ ቸገራት።

«እማማ፣ ዋሻው ውስጥ ከእግራቸው ሥር አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አለች። ያምጡልኝ።»

እማማ ወለተ ሐና ወጡ። ጉሙ የዘረጉትን እጅ አያሳይም። ቀትር ክፉ ሰዓት ነው፤ ጤነኛ ሰው በቀትር ብቻውን ገደል ሥር አይሄድም። አጎንብሰው ሲገቡ የዝናቡ ድምፅ ከኋላቸው እንደ ተቆረጠ ሆነ። እግሩን አዩት። ጣቶቹ ወደ በሩ ዞረዋል። አጠገቡ ብልቃጡ ቆሟል፤ ከላይ ጥርት ያለ ውሃ፣ ከታች የረጋ ነጭ ነገር። አንስተው ሲያዘነብሉት ነጩ ተነሣ፣ ተጥመለመለ፣ ብልቃጡን ሞላው። እጃቸው ውስጥ ወተት ሆነ።

ሙት እግር ሥር ወተት የሚያኖር ማን ነው? አራስ ናት። እማማ ወለተ ሐና ነገሩ ሁሉ የገባቸው መሰላቸው። ምራታቸው ልጁን ያቆየችው ከዚህ ካለው ነገር ጋር ተዋውላ ነው፤ ወተቱን እያካፈለችው ነው፤ ወተቱ ሲያንሰው ደግሞ ልጁን ይጨምራል። ከዚያ በኋላ ያሰበችው እጃቸው ናት። ብልቃጡን ከዋሻው አፍ ወደ ገደሉ ወረወሩት። ሲያርፍ ድምፁን አልሰሙም። ዕድሜያቸውን ረስተው እንዲሮጡ ያደረጋቸው ይኼ ነው።

«ጣልኩት» አሉ በሩ ላይ ቆመው፣ ውሃ እየተንጠባጠቡ። «የሙቱን ወተት ገደል ሰደድኩት፣ ልጄ። ተገላገልሽ።»

የሻረግ አልጮኸችም። «እማማ» አለች፣ «እሱ እኮ ነው ልጁን ያኖረልን።»

ሀብተ ሥላሴ ተጠርቶ መጣ። ያ ብልቃጥ የመጨረሻው ነበር። አባስ በማግስቱ በበቅሎ ወደ ወልድያ ሊነሣ ተስማማ፤ ወንዙ ሞልቷልና ቢፈጥን ሦስት ሳምንት ነው።

«እስከዚያ ያለ ምንም መቆየት አትችዪም፣ ትሞቻለሽ» አላት ድሬሰሩ። «ክኒኑ ለአንቺ ይሆናል። ግን ወተትሽ ውስጥ ይገባል።»

«ምን ያህል ይገባል?»

«አላውቅም። መጽሐፌም አያውቅም። የአሥራ ሁለት ቀን ልጅ ላይ ግን አልሞክርም።»

«የላም ወተትስ?»

«ይኼን የሚያህል አንጀት አይችለውም።»

ክኒኗ መዳፏ ላይ ነበረች፤ ነጭ፣ ክብ፣ ምስር የምታህል። የሻረግ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች፤ ሁለቱ ልጆቿ ያዩት የነበረውን ያን ቦታ። ጥቀርሻ ነው። ምንም የለም። ምንም አለመኖሩ ራሱ ግን ተቀምጦ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ኩበት አፉን ከፍቶ ጡቷን ይፈልጋል። አላቀቀችውና ለአማቷ ዘረጋችው።

«መጀመሪያ ውሰዱልኝ። ከእጄ ሳይወጣ አልውጠውም። ረሒማ ዘንድ ይውሰዱት።»

እማማ ወለተ ሐና ልጁን በጋቢያቸው ሥር ይዘው ዝናቡን አቋረጡ። ረሒማ የስድስት ወር ልጇን ጀውሀራን እያጠባች ነበር። አሮጊቷ በሩ ላይ ቆመው ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉ።

«ረሒማ፣ ልጄ... ይኼ... ክርስትና እንኳ አልተነሣም...»

«ወተት ማተብ የለው፣ ወተት አይሰግድ! ያምጡት እንጂ፣ ወላሂ ብርዱ ይገድለዋል!»

«አባስስ ምን ይላል?»

«አባስ ወተት የለው፣ ምን ይላል?» ረሒማ ልጇን ወደ ግራ አዙራ ኩበትን በቀኝ ተቀበለችው። ልጁ ሳያቅማማ ጎረሰ። «ግን አንድ ነገር ይወቁ፣ እማማ። በኛ ሃይማኖት ከእንግዲህ እህትና ወንድም ናቸው። መጋባት የለም።»

«ኩበትን ደግሞ ማን ታገባዋለች» አሉ እማማ ወለተ ሐና፣ እያለቀሱ።

ክኒኑ የሻረግን አቆማት። ወተቷ እንዳይደርቅ በቀን አምስቴ በጣሳ እያለበች ጓሮ ትደፋዋለች። ከአጥሩ ወዲያ ኩበት ሲያለቅስ ጡቷ ሳትነካው ይፈስና ቀሚሷን ያርሰዋል፤ ያን ጊዜ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ቁጭ ትላለች። አማቷ በየቀኑ ልጁን ይዘው መጥተው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ያሳዩዋታል። አትነካውም። ዐይኑን ብቻ ነው የምታየው፤ ወዴት እንደሚያይ። ወደ ረሒማ አጥር ነው የሚያየው።

አባስ በሃያኛው ቀን እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ደረሰ። ሁለት ብልቃጥ በእርጥብ ሱፍ ጠቅልሎ ቅል ውስጥ አኑሮ ነው ያመጣው። ከጎጆው ጀርባ ፀሐይ የማያገኘውን ቦታ ቆፍረው፣ እርጥብ አሸዋ የሞላ እንስራ ቀብረው፣ ብልቃጦቹን ያስቀመጡት እማማ ወለተ ሐና ራሳቸው ናቸው፤ ምስጋኑ እንኳ ካለ እሳቸው ፈቃድ አይጠጋም። ሀብተ ሥላሴ መርፌውን አስጀምሮ «ለማጥባት ግን አምስት ቀን ታገሺ፣ ክኒኑ ከደምሽ ይውጣ» አላት። ታገሠች።

በስድስተኛው ቀን ረሒማ ኩበትን አመጣችላት። የሻረግ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችው። ጡቷን ሰጠችው። ልጁ አሸተተ። ፊቱን አዞረ። እንደገና ሰጠችው፤ ማን እንደሆነች እንደማያውቅ ሆኖ አያት፣ ከንፈሩንም ገጠመ።

«ረሳኝ» አለች። «ረሒማ፣ ልጄ ረሳኝ።»

«አልረሳሽም፣ እህቴ። ሽታ ነው የሚያውቀው።» ረሒማ ሻሿን ፈታች፤ ደረቷ ድረስ የሚወርደው ሻሽ ቅርንፉድና ጀውሀራን ይሸታል። የየሻረግን ራስ፣ አንገት፣ ትከሻ እንደራሷ አድርጋ ጠቀለለቻት፤ ፊቷን ሸፈነችባት። ጎጆው ጨለማ ቢጤ ነው፣ ውጭ ጉም ነው። ኩበት አሸተተ። አመነታ። አፉን ከፈተ፤ ያዘ።

«እንዳትናገሪ» አለች ረሒማ በጆሮዋ። «ድምፅሽን ይለየዋል።» ራሷን በነጠላ ሸፍና በጓሮ በር ሹልክ አለች።

ጥቂት ቆይቶ እማማ ወለተ ሐና እንጨት ታቅፈው ገቡ። ከምድጃው ወዲያ የተሸፋፈነችውን ሴት አዩ።

«ረሒማ፣ የሻረግ የት ሄደች?»

አሮጊቷ አንድ እርምጃ ጠጉ።

«ረሒማ! አንቺን እኮ ነው።»

ሴትዮዋ አልተንቀሳቀሰችም። የአሮጊቷ እጅ ወደ ግንባራቸው ሄዶ ማማተብ ጀመረ፤ እንጨቱ አንድ በአንድ ከክንዳቸው መሬት ወደቀ። «በስመ አብ... ማን ነሽ? ተናገሪ፣ ማን ነሽ?»

የሻረግ ሳቋንም ልቅሶዋንም አንድ ላይ ውጣ ጣቷን ብቻ ከሻሹ ውስጥ አውጥታ ከንፈሯ ላይ አደረገች። ኩበት ይውጥ ነበር፤ ጉሮሮው ሲወጣና ሲወርድ ይሰማል።